ድመቱ የለም፣ ሽታው አለ፦ ከአዳማ አንድ የጋራ ቤት የተመዘገበ ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

አዳማ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የዕለት ሥራዬ ይበልጡን ላምና በሬ፣ በግና የጋሪ ፈረስ ነው። የኮንዶሚኒየም ድመት ጉዳይ ወደ እኔ የሚመጣው አልፎ አልፎ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። ይህኛውም በስልክ መጣ፣ በስልክ መለስኩለት። መልሴ ግማሹ ትክክል ነበር፤ ሌላው ግማሽ እንዳይታየኝ የጋረደኝም እሱው ነው። የቤቱ ሦስት ነዋሪዎች እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠቅስም።

ቤቱና ነዋሪዎቹ

ቤቱ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ጠባብ ወጥ ቤት፣ ሽንት ቤትና ሻወር አብረው ያሉበት አንድ ክፍል፣ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ አለው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ሳሎኑና ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ በቀረው ቀን ከበርሜልና ከጀሪካን ይቀዳል። ስለዚህ ሴቶቹ ሳፋ ውስጥ ቆመው ይታጠባሉ፤ የታጠቡበትንም ውሃ አይደፉትም፣ ሽንት ቤቱን ይለቁበታል። ብልህነት ነው። ኋላ እንደምናየው ግን ዋጋ አስከፍሏል።

ተከራዮቹ ሦስት ናቸው። አንዷ መምህርት ናት፤ ድመቱ የእሷ ነው። ሁለተኛዋ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት። ሦስተኛዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ አንዳንድ ሳምንት ሌሎቹ ሲወጡ ነው የምትገባው። ድመቱ በመስከረም 2016 የሦስት ወር ግልገል ሳለ አይጥ እንዲያባርር ተብሎ መጣ። ወንድ ነው፣ መልኩ ዳማ፣ ስሙም ዳማ። «ዳማ ከአዳማ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እስከ ጥር ድረስ።

ችግሩ

መጀመሪያ ላይ መጸዳጃው በረንዳ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሳፋ ነበር፣ ውስጡ የወንዝ አሸዋ። አሸዋ ሽንት አይመጥም፤ ወደ ታች ያሳልፈውና ሳፋው ግርጌ ላይ ይጠራቀማል። የግልገል ሽንት ጥቂት ስለሆነ ለጊዜው አልታወቀም። ዳማ ሲያድግ አሸዋው ይሸት ጀመርና ከአንድ አናጺ ቤት በሚመጣ ሰጋቱራ ተቀየረ።

አዳማ ደግሞ የነፋስ ከተማ ናት። አጠገቧ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ባለ 51 ሜጋ ዋቱ አዳማ አንድና ባለ 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት፣ ለጌጥ አልተተከሉም። በጥር አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሰጋቱራውን ከነእርጥቡ አንሥቶ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የተሰጣ የጎረቤታቸው የእትዬ በርበሬ ላይ በተነው። እትዬ ከጧት ጀምሮ ሲያገላብጡት የዋሉትን በርበሬ ሲያዩ ምን እንዳሉ መምህርቷ ነግራኛለች፤ እዚህ አይጻፍም። በርበሬው ተጣለ፣ ዋጋው ተከፈለ፣ ሳፋው ሻወር ክፍል ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመሸፋፈን ታሪክ ነው። እጣን፣ ሰንደል፣ ቀኑን ሙሉ ቡና፣ ከሱቅ የተገዛ የሚረጭ ሽቶ ተሞከረ። በሚዛን ላይ ሌላ ሽታ ተጨመረ እንጂ የመጀመሪያው አልወረደም። ሁለት ሙከራዎች ግን ከማይጠቅሙት ወገን ሳይሆን ከሚጎዱት ነበሩ፤ ለብቻቸው ላንሣቸው።

የመጀመሪያው አመድ ነው። የመምህርቷ እናት ናቸው የመከሩት፤ ምክሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ገጠር ያለች ድመት የምድጃ ዳር አመድ ላይ ትጸዳዳለች፣ አመዱ በማግስቱ ተጠርጎ ይደፋል፣ ማንም ሸተተኝ አይልም። እነዚህ ግን ሦስት ቀን በቆየ እርጥብ ሰጋቱራ ላይ ነሰነሱት። ትኩስ የድመት ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ነው፤ ዩሪያ በራሱ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ቆይቶ ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ሲቀይረው ነው አፍንጫ የሚወጋው። አመድ አሲድን የሚያረክስ አልካሊ ስለሆነ ሽንቱ ውስጥ ታስሮ የነበረውን አሞኒያ ፈትቶ ወደ አየር ይለቀዋል። በሌላ አነጋገር፣ ቀን የቆየ ሽንት ላይ አመድ መበተን ሽታውን መጥራት ነው።

ሁለተኛው በረኪና ነው። የባንክ ሠራተኛዋ አንድ እሑድ ትዕግሥቷ አለቀና ሽንት ያለበት ሳፋ ላይ በረኪና እንዳለ ገለበጠችበት፣ በሩን ዘግታም ፈተገችው። ዐይኗ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዋ ታነቀ፣ እስከ ማታ ሳለች። የበረኪናው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ከዚያ ቀን በኋላ ዳማም ሳፋውን ጠላ። ጠርዙ ላይ ይወጣል፣ ያሸታል፣ ይወርዳል። ሽንቱን ሶፋው ጥግ፣ ጫማ መደርደሪያው ሥር፣ መጋረጃው ጫፍ ላይ ማድረግ ጀመረ። አሁን ቤቱ የሚሸተው ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከየአቅጣጫው ሆነ።

የኔ የመጀመሪያ ምክር

በመጋቢት ነው የደወሉልኝ። ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ወንድ ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ተኮላሽቷል? ወንድ፣ ዘጠኝ ወር ገደማ፣ ያልተኮላሸ። «በቃ ታወቀ» አልኩ። ያልተኮላሸ አውራ ድመት ሽንቱ ውስጥ ፌሊኒን የሚባል አሚኖ አሲድ በብዛት አለ፤ ሲበላሽ ድኝ ያለባቸው ሽታዎች ይወጡታል። የአውራ ድመት ሽንት ከሴቷ ይልቅ የሚከረፋው ለዚህ ነው። ከዚያም ሌላ ክልሉን ለማወጅ ግድግዳና መጋረጃ ላይ ቆሞ ይረጫል። ማኮላሸት መርጨቱን ከአሥር ወንድ ድመቶች በዘጠኙ ገደማ ይቀንሰዋል ወይም ያስቀረዋል።

ዳማ በመጋቢት መጨረሻ ተኮላሸ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በዚያው ወሰደ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መርጨቱ ከሞላ ጎደል ቆመ፣ የሽንቱም ክርፋት ለዘበ። እኔም ጉዳዩን ከአእምሮዬ አወጣሁት። ቤቱን ሄጄ አላየሁም ነበር።

ሽታው ግን አልወጣም። ጎረቤት ለሕንፃው ኮሚቴ፣ ኮሚቴው ለአከራይዋ ነገረ። አከራይዋም አጭር መልእክት ላከች፦ ከፋሲካ በኋላ ወይ ድመቱ ይወጣል ወይ ተከራዮቹ።

ፋሲካ

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ሦስቱም ወደየቤተሰቦቻቸው ስለሚሄዱ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ዳማን እኔ ጋ አመጡት። ከመሄዳቸው በፊት ሳፋውን አጥበው በረንዳ ላይ ደፉት፣ ቤቱን ወለወሉ፣ መስኮት ሁሉ ዘግተው ወጡ።

መጀመሪያ የተመለሰችው የባንክ ሠራተኛዋ ናት፣ ማክሰኞ ጧት። በሩን እንደከፈተች ደወለችልኝ።

«ዶክተር፣ ድመቱ እርስዎ ጋ ነው አይደል?»

«እዚሁ ነው፤ ምነው?»

«ታዲያ ሽታው እዚህ ምን ይሠራል?»

ይህ ጥያቄ ከሦስት ወር እጣንና በረኪና የበለጠ ሥራ ሠራ። ድመት የሌለበት፣ ሰጋቱራ የሌለበት፣ አምስት ቀን የተዘጋ ቤት ከበፊቱ ብሶ ይሸታል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ራሴ ሄድኩ።

አንድ የተባለው ሽታ ሦስት ሆኖ ተገኘ

ሻወር ክፍል ስገባ አፍንጫዬ የነገረኝ ድመት አይደለም፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል የፍሳሽ ሽታ ነው። የወለሉ የፍሳሽ ቀዳዳ ጥግ ላይ አለ፤ ሰጋቱራ ገብቶ እንዳይደፍነው ሲባል ከየካቲት ጀምሮ ወለሉን ውሃ መድፋት ትተዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠርጉታል። የሚታጠቡት ሳፋ ውስጥ ነው፣ ውሃውም ወደ ሽንት ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ቀዳዳ ለሳምንታት ውሃ አልወረደም።

ከቀዳዳው ሥር የቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት የታጠፈ ክፍል አለ። እጥፋቱ ውስጥ የሚተኛው ጥቂት ውሃ ነው የፍሳሽ መስመሩን ጋዝ ከቤቱ የሚለየው። በአዳማ ሙቀት ያ ውሃ ተንኖ ያልቃል፤ ሲያልቅ የሕንፃው ፍሳሽ በሙሉ በዚያች ቀዳዳ በኩል ወደ ሳሎን ይተነፍሳል። ለማረጋገጥ ፌስታል ውስጥ ውሃ ሞልተን አስረን ቀዳዳው ላይ አስተኛነው። በማግስቱ ጧት የሻወሩ ሽታ ከግማሽ በላይ ጠፍቶ ነበር። የጠፋው ግማሽ ዳማ ላይ ሲመዘገብ የከረመው ነው።

ሁለተኛው ሽታ አሮጌ ሽንት ነው። እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛዋ ሙያ ጠቀመን። ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን ዓይነት ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ነበራት። የደረቀ የድመት ሽንት በዚያ ብርሃን ሲታይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ድብዝዝ ብርሃን ይሰጣል። ማታ መብራት አጥፍተን ኮሪደሩን ስናበራ መጀመሪያ ላይ ቤቱ ሁሉ አበራብን፤ ደነገጥን። ኋላ ነው የገባን፣ የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ በኦሞ የታሸ ወለል ሁሉ ይበራል። ሰማያዊውን ትተን ቢጫውን ስንከተል ሰባት ቦታ አገኘን፦ መጋረጃው ጫፍ ላይ ሁለት፣ የሳሎኑ በር ጀርባ፣ ጫማ መደርደሪያው ሥር፣ ሶፋው ጥግ፣ ዞኮሎው ላይ ሁለት። ከሁሉ የከፋው ጫማ መደርደሪያው ነው። ሽንቱ በፕላስቲክ ምንጣፉ ጠርዝ ሾልኮ ሊሾው ላይ ተኝቷል፤ ምንጣፉን ስንገልጠው ሁላችንም ወደኋላ አልን። ከላይ ስንት ጊዜ ቢወለወል እዚያ አይደርስም።

ሦስተኛው የመጸዳጃው ራሱ ነው። ከሦስቱ ትንሹ እሱ ሆኖ ተገኘ።

ምን ተደረገ

ለፍሳሹ፦ በሳምንት ሁለቴ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ቀዳዳው ውስጥ ይደፋል። ለበዓል ቤት ተዘግቶ ሲወጣ ከውሃው በላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨመራል፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። ወጪው ይኸው ነው።

ለአሮጌው ሽንት፦ የሶፋው ስፖንጅ ተጣለ። ውስጡ የገባን ሽንት ከስፖንጅ ለማውጣት ሁለት ጊዜ ሞክረን አልሆነም። መጋረጃው በአቼቶና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ዋለ። ሊሾው በሳሙና ታጠበ፣ በግማሽ ውሃ የቀጠነ አቼቶ ተደርጎበት ታጥቦ ደረቀ፤ በማግስቱ ከፋርማሲ የተገዛ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከቤኪንግ ሶዳና ከጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጋር ተደርጎበት አንድ ሰዓት ተተወ። ይህ ውህድ በቦታው ተዘጋጅቶ በቦታው ያልቃል፤ ጠርሙስ ውስጥ ተከድኖ ቢቀመጥ የሚወጣው ጋዝ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ባለ ቀለም ጨርቅም ያነጣል። የመጀመሪያ ቀን ከሱቅ የመጣልን ቤኪንግ ፓውደር ነበር፤ የዳቦ ማፍያው ለዚህ አይሆንም። በረኪና ከዚህ ሁሉ ጋር እንዳይገናኝ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቀለ።

ለመጸዳጃው፦ አንድ ትንሽ ሳፋ የነበረው ሁለት ትልልቅ ሆነ። ድመት ውስጡ ገብቶ መዞር አለበት፤ ርዝመቱ ከድመቱ ቁመና አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ሥራ ላይ ሳለ ሌላው በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይውላል። ሰጋቱራው አምስት ሳንቲሜትር ያህል ይሞላል፣ ዐይነ ምድሩ ጧትና ማታ ይነሣል፣ ሰጋቱራው ሁለት ቀን ሳያልፈው በሙሉ ይቀየራል። ከውጭ እንደሚመጣው የሸክላ አፈር ሽንቱን አጓጉሎ አይይዝምና እርጥቡን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። አናጺውም ተቀየረ። የቀድሞው ኤምዲኤፍ የሚባለውን ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ ነበር የሚቆርጠው፤ የዚያ ዱቄት ብናኝ ነው፣ የማጣበቂያ ኬሚካልም አለበት። አዲሱ የጽድ ጣውላ የሚልግ ነው፤ ለልጆቹ የሻይ እየተሰጠ አንድ ማዳበሪያ ፍቅፋቂ ይመጣል።

የተነሣው ሁሉ በፌስታል ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ወደ ሽንት ቤት መጣል ተሞክሮ ነበር፤ ሰጋቱራ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል።

ነፋሱንም መረመርነው። ሻወር ክፍሉ «እንዲናፈስ» መስኮቱ ቀን ሙሉ ክፍት፣ የሳሎኑ ዝግ ነበር። ሰንደል አቀጣጥለን በየበሩ ስንቆም ጭሱ ከሻወር ወደ ሳሎን ቀጥ ብሎ ሄደ። የሻወሩ መስኮት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ስለሆነ መክፈቱ ሽታውን ወደ ቤት ማስገባት ነበር። የሳሎኑ መስኮት ደግሞ ያለው በተቃራኒው ወገን ነው። ስለዚህ በነፋስ ሰዓት የሻወሩ መስኮትና በር ይዘጋሉ፤ የሚከፈቱት ጧት በማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ነው። ለሦስት ወር ሽታ ሊሸፍን ያልቻለው ሰንደል በመጨረሻ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ያልሆኑ ነገሮች

የከሰል ዱቄት ሰጋቱራው ውስጥ ቀላቅለን ነበር። ሽታውን ጥቂት ቀነሰው፤ ግን ዳማ በጥቁር እግሩ አልጋ ላይ ወጣ፣ በሁለተኛው ቀን ቀረ። ክዳን ያለው ሣጥንም ተሠርቶ ነበር፤ ሰው ውጭ ሆኖ አይሸተውም፣ ድመቱ ግን ውስጥ ሆኖ ይሸተዋል፣ አልገባም አለ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ጫማ መደርደሪያው ሥር ያለው ሊሾ እንደገና ትንሽ ሸተተ። ሲሚንቶ ውስጥ የሰረገ ነገር እርጥበት ሲያገኝ ይነቃል። ያው እጥበት ሁለት ጊዜ ተደግሞ ነው የተወው።

የእርጉዟ ጎረቤት ጉዳይ

የእትዬ ልጅ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከበርበሬው በላይ ያስፈራቸው እሱ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዐይነ ምድር ይወጣል፣ ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። የወጣው እንቁላል ግን ሰው ላይ ለመተላለፍ ብቁ የሚሆነው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። በየቀኑ የሚነሣ ዐይነ ምድር አደጋው ትንሽ ነው። ለእሷ ያልኳት ይህን ነው፦ የድመቱን መጸዳጃ አትንኪ፤ ከዚያ ይልቅ ግን ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ተዪ፣ ሰላጣ በደንብ እጠቢ። ስለ ክትፎው ስናገር ፊቷ ተቀየረ። ለዳማም ከሥጋ ቤት የሚመጣለት ሳንባ ከዚያ ወዲህ ተቀቅሎ ነው የሚሰጠው።

ሌላ ቤት የሚጠቅም

ለእኔ ትልቁ ነገር መለየት ነው። ሽታ አንድ ስም ሲሰጠው አንድ ጥፋተኛ ይፈለግለታል፤ እዚህም ጥፋተኛው ከመጀመሪያው ቀን ተይዞ ነበር። ድመቱንና ሳፋውን ለሁለት ቀን ከቤት ማውጣት የሚከብድ ሙከራ አይደለም፤ ወጪም የለውም። በመጋቢት በስልክ «ሁለት ቀን አውጡትና ደውሉልኝ» ብል ኖሮ ፋሲካን ባልጠበቅን። ማኮላሸቱን ግን ያኔም እመክር ነበር።

ሁለተኛው የአፍንጫ ነገር ነው። አፍንጫ ይለምዳል። መምህርቷ «እኔ ምንም አይሸተኝም» ስትል አልዋሸችም፤ የባንክ ሠራተኛዋም «ሁሌም ይሸታል» ስትል አልዋሸችም። ከዚያ ወዲህ ዳኛዋ የፋብሪካዋ ልጅ ሆነች፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ንጹሕ አየር ስባ ጧት ስትገባ በሩ ላይ ያገኘችውን ትናገራለች። ደንብም አወጡ፦ «ድመትሽ ሸተተ» አይባልም፣ ቦታው ይነገራል። «ሻወር በኩል ነው» ወይም «ጫማው ጋ ነው»። ማጽዳቱ የመምህርቷ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ውሃ መድፋቱ ግን የሦስቱም፣ ፍሳሹ የሁሉም ስለሆነ።

ከዚያ በኋላ

አከራይዋ በግንቦት መጥታ አየች፣ አሸተተች፣ ድመቱ ይቆይ አለች። የባንክ ሠራተኛዋ ሐምሌ ላይ ለብቻዋ ቤት ተከራይታ ወጣች፤ ምክንያቱ ሽታው አይደለም ትላለች፣ መምህርቷ ግን ትጠራጠራለች። የብር መመርመሪያውን ባትሪ ትታላቸው ሄዳለች።

ነሐሴ ላይ እትዬ ሁለት ደረጃ ወጥተው በር አንኳኩ። መምህርቷ በርበሬ ነው ብላ ደንግጣ ነበር። የመጡት ግን የእሳቸው ሻወር ቤት ከሳምንት ጀምሮ እንደሚሸት ሊነግሯት ነው፤ ልጃቸው ከወለደች ወዲህ በሳፋ እየታጠቡ መሆኑንም ነገሯት። ድመት የላቸውም። መምህርቷ አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ አብራቸው ወረደች።